አልፎ አልፎ የሚመጣው

መሪማ ሰውን የምትለየው በአመጣጡ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ሻይ ስታፈላ፣ ሳይቀር የሚመጣውን «ዘወትር»፣ ባቡር ሲጥለው ብቻ ብቅ የሚለውን «አልፎ አልፎ» ትለው ነበር። «ዘወትር መጣ፣ እሳቱን ቆስቁሽው» ትለኛለች፤ የሰውዬውን ስም አጥታው አይደለም። ይመጣ የነበረና የቀረ ከሆነ ደግሞ «ወትሮ» ነው። «እገሌ ወትሮ ይመጣ ነበር» ካለች፣ እገሌ ወይ ተጣልቷል ወይ ሞቷል። ባሏን በዚህ ቃል ጠርታው አታውቅም።

እኔ በላይነሽ ጎረቤቷ ነበርኩ፤ አጥራችን አንድ። እሷ ከወሎ፣ እኔ ከቡልጋ የመጣን ነን። ጾማችን አይገጥምም እንጂ ውሃ የምንቀዳው አብረን ነበር። «ሁልጊዜ» የሚለውን ቃል ሁለታችንም አንወደውም። ሁልጊዜ እወድሻለሁ ያለኝ ባል ሁለተኛውን ክረምት እንኳ አብሮኝ አልከረመም።

የመሪማ ባል ኑሬ ነጋዴ ነው፤ በቅሎዎቹን ጭኖ ሻሸመኔ ወርዶ ይመለሳል። ሲመለስ ቀትር ላይ ነው። ደጃፍ ላይ «ቤቶች!» ይልና፣ ከግራሩ ሥር ካለው እንስራ በቅል ቀድቶ ይጠጣል፤ ከዚያ ቅሉን ድንጋዩ ላይ ይደፋዋል። እኛ ሁላችን አፉን ወደ ላይ አድርገን ነው የምናስቀምጠው። እሱ ግን የአዳማ አቧራ ሳይጠራ የሚገባ እንግዳ ነው እያለ ይቆጣን ነበር።

አንድ ጊዜ ወርዶ ቀረ። ጓደኞቹ በቅሎ ታሞበት ወደ ኋላ እንደቀረ ነግረውን በየቤታቸው ገቡ። ቆይቶ መርዳሳ መጣ። መርዳሳ ከሐይቆቹ አካባቢ ከብት የሚልሰውን ጨዋማ አፈር፣ ቦሌ፣ የሚያመጣ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ገበያ ላይ ነው። መሪማ ስለ ኑሬ ስትጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ «ኑሬ አልፏል» አላትና አህዮቹን ተከትሎ ሄደ።

«ካለፈማ ደረሰ» አለችኝ፤ ሐይቁን አልፎ መንገድ ላይ ነው ማለቷ ነው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር። ነገርኳት፤ አኮረፈችኝ። ሼኹ ዘንድም ሄዳ ነበር። ሞቱ በሚያውቅ ሰው አፍ እስኪረጋገጥ ድረስ የሰው ሚስት ነሽ አሏት። እንግዲህ ሚስት ትሁን መበለት፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቅሉ መደፋት የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ስትነግረኝ ነፋስ ነው ብዬ ሳቅሁባት። አንድ ቀን ግን እኔም አየሁ። ቀትር ነው፤ ነፋሱ ቆሟል፤ አዳማ ነፋስ ሲቆም ያስፈራል። ከሐዲዱ ማዶ አንዲት አዙሪት አቧራ ተነሣች፣ ወደ እኛ መጣች፣ ደጃፋችን ስትደርስ ረገበች። የመሪማ ውሻ ጆሮዋን ጥላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ አልጮኸችም። ወደ እንስራው ስዞር ቅሉ ተደፍቷል። እኔ ራሴ ጠጥቼበት አፉን ወደ ላይ አድርጌ ካስቀመጥኩት ብዙም አልቆየም። ከሥሩ ውሃ በድንጋዩ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ አቧራው ላይ ግን ዱካ የለም። አማተብኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

መሪማ ከጓዳ ወጥታ አየችውና ፈገግ አለች።

«አልፎ አልፎ ይመጣል» አለችኝ።

ቃሉን ከፋፍዬ ሰማሁት። አልፎ፣ አልፎም፣ ይመጣል።

ባለሱቁ አብደላ ሽማግሌ የላከባት በዚሁ መሐል ነው። ደግ ሰው ነበር፣ እሷም አልጠላችውም፤ ግን የሰው ሚስት ምን ብላ ትመልስ? ሽማግሌዎቹ ከተመላለሱ ወዲህ አልፎ አልፎ የነበረው የቅሉ መደፋት በየገበያው ቀን ሆነ፤ ከዚያ ዕለት ዕለት፤ በመጨረሻም ሳያሰልስ። ጠዋት የሞላው እንስራ ከቀትር በኋላ ይጎድላል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ፤ እኔንም አላሳቀኝ። እሷ ኑሬ እየቀረበ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ የሚመጣ ሰው ይደርሳል እላለሁ፤ ይኼኛው ለመደ እንጂ አልደረሰም።

ክረምቱ ሲወጣ መርዳሳ ተመለሰ። ገና «አካም ጅርታ» ብሎ ሰላም ሳይል መሪማ ፊቱ ቆመች።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ያን ጊዜ ኑሬ አልፏል ያሉኝ ወዴት ነው?»

«ወዴት?» ሽማግሌው ግራ ገባው። «ሞቷል ማለቴ ነበር እንጂ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። ሞት በደረቁ አይነገርም ብዬ ነው።»

«ሊሞት ሲል ምን አለ?»

«‹ውሃ› አለ። ወባ ነው የጣለው፤ ቅላችንም ደርቋል። የሻላ ሐይቅ ፊታችን ነው፤ ግን ውሃው አይጠጣም። ‹ውሃ፣ ውሃ› እያለ አለፈ።»

መሪማ አላለቀሰችም። መርዳሳን አብልታ ከሸኘችው በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ለካ ወደ እኔ አልነበረም የሚመጣው» አለችኝ።

በማግስቱ እንስራውን ከአጥሩ አስወጥታ መንገድ ዳር አስቀመጠችው፤ ቅሉንም ድንጋዩንም። በኑሬ ስም ሰደቃ ነው፤ የጠማው ሁሉ ይጠጣበት አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅሉ መንገደኛ እንዳስቀመጠው ይገኝ ጀመር። ቀትር ሲሆን ሁለታችንም ሳንነጋገር ወደዚያ እናያለን፤ የሚመጣ አልነበረም።

ሼኹ የመርዳሳን ቃል ተቀበሉ። መሪማ የመበለትነት ወራቷን ጨርሳ አብደላን አገባች። ኒካው በታሰረ ማግስት መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሳለ ቅሉን አነሣችው። አፉ ወደ ላይ ነበር፤ ውስጡ አቧራ ሞልቶታል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ኑሬ ወትሮ ይደፋው ነበር» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው። መሪማ ቅሉን ድንጋዩ ላይ ደፋችውና ያኔ ገና አለቀሰች።