በጾም አጥር የሚሻገር ወተት

እማማ መዲና ወተት ሲደፉ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ። ሰዓቴን ያየሁት ለመግሪብ አዛን ስንት ደቂቃ እንደቀረ ለማወቅ ነበር። ሃያ ደቂቃ ግድም ቀርቶታል። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ኢልሃም ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ አዛኑን ትጠብቅ ነበር።

እዚያ እንዴት እንደደረስን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ልጽፈው አልቻልሁም።

እማማ መዲና የደልጊ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ሰላሁዲን ጀልባ ሠሪ ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ለዓሣ አስጋሪው ለቃሲም ተድረው ጣናን ተሻግረው ባሕር ዳር ሲገቡ የያዙት አንዲት ጥጃና የእናታቸውን የወተት ቅል ነው። የጥጃዋ ዘር ዛሬም ግቢያቸው ውስጥ አለ። ቅሉም አለ። ጋሽ ቃሲም ካረፉ አሥራ ሁለት ዓመት አልፏል። እማማ መዲና ከልጃቸው ከአብዱልከሪም፣ ከምራታቸው ከሪሃናና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በሐይቁ ዳር እርጎ እየሸጡ ይኖራሉ። ቅሉን በየማለዳው አጥበው በወይራ ጭስ ያጥኑታል። ከእርጎው ጥቂት በስኒ ለእርሾ ያስቀራሉ፤ የዛሬው እርጎ የትናንቱ ልጅ፣ የትናንቱም የከትናንት ወዲያው ልጅ ነው። ወተት ግን አይደፉም። ጠብታ ከወደቀች በጣታቸው ጠርገው ለድመቷ ያስልሷታል። "ወተት የደፋ እጅ ይደርቃል" ይሉን ነበር በልጅነታችን።

እናቴ ወለተ ኪዳን ከእሳቸው ጋር አንድ አጥር ተጋርታ አርባ ዓመት ኖራለች። የእኛ ሥጋ እነሱ ቤት አይበላም፣ የእነሱም እኛ ቤት። ወተት ግን ይሻገራል። በመንደራችን ላም ያለን ክርስቲያኖች ዘጠኝ ቤት ነን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለቅቤ ከምናስቀምጠው የተረፈውን ወተት ለእማማ መዲና እንሰጣለን። መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። በዚያ ቀን እናቴ ማሰሮዋን ይዛ በአጥሩ ክፍተት ጎንበስ ብላ ስትገባ የተባባሉትን አስታውሳለሁ።

"መዲና፣ ቶሎ ተቀበይኝ፤ ሽታው ጾሜን ሊያስገድፈኝ ነው።"

"ወለቴ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ትጾሚና ያው አንድ ክንድ ሽንጥ ይዘሽ ትወጫለሽ። ተደብቀሽ ምን እየበላሽ ነው?"

"አንቺ ይባስ። ቀኑን ሙሉ ጾመሽ ማታ የበሬ ራት ትበያለሽ።"

የሦስት ዓመቱ ሂሻም፣ የኢልሃም ታናሽ፣ በመካከላቸው ቆሞ ማሰሮውን ይጎትት ነበር።

እኔ በባዮሎጂ ተመርቄ በአንድ ቤተ ሙከራ የናሙና መዝገብ ያዥ ነኝ። ሥራችን ከላም፣ ከዶሮ፣ ከወተትና ከሥጋ ናሙና እየወሰዱ በምግብ በኩል ሰውን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን መፈለግ፣ ከተገኙም ዘረመላቸውን ማስነበብ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ዘረመል ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉት። ሁለት ባክቴሪያዎች በጥቂት ፊደል ብቻ ከተለያዩ ወንድማማች ናቸው፤ ከአንድ ምንጭ የወጡት በቅርብ ጊዜ ነው ማለት ነው። ንባቡ ባክቴሪያው የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ፣ ማለትም የትኛው እንደማይገድለው፣ ይናገራል። በመዝገቤ ቤቶች ስም የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ አላቸው። የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ግን በእኔ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። የእማማ መዲና ቤት 22 ነው። የእኛ 31።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ላማችን ዳለቻ ሆዷን አሟት ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ የቴትራሳይክሊን መርፌ ለሦስት ቀን እንደሚያስፈልጋት ተናገረ።

"ወተቷን ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ ሰባት ቀን እንዳትጠጡ" አለ።

"ያን ሁሉ ቀን?" አለች እናቴ። "እንግዲያው ጾም ሲገባ ትወጋ። ያን ጊዜ ማን ይጠጣዋል?"

እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ብልህ ሐሳብ መሰለኝ።

እንዲህ ሆኖ የባለሙያው ክልከላና የቤተ ክርስቲያን ክልከላ በእናቴ ቤት አንድ ሆኑ። ወተቱን የማንጠጣው ስለጾምን ነው፤ ጾሙ ደግሞ መዲናን አይመለከትም። ዳለቻ መጋቢት 3፣ 4 እና 5 ተወጋች። ወተቷ በየቀኑ አጥሩን ተሻገረ። መጋቢት 8 ናሙና ሰብሳቢዎቻችን ከሁለቱም ቤት ላሞችና ከእማማ መዲና ቅል ናሙና ወሰዱ፤ የቤታችንን ቅጽ የሞላሁት ራሴ ነኝ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ "መድኃኒት የወሰደችው ላም ወተት ለቤተሰቡ ምግብ ውሏል?" ይላል። "አልዋለም" ብዬ ጻፍሁ። እውነት ነበር።

መጋቢት 11 ሂሻም አተኮሰው፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥም ያዘው። ሆስፒታል የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጡት፤ አልበረደለትም። ሁለተኛውን ሰጡት። ሦስተኛውን ከከተማው ሁሉ ፈልጎ ያመጣው አብዱልከሪም ነው። ማክሰኞ መጋቢት 17 ጠዋት ሞተ። እናቴ ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ከእማማ መዲና ጎን አልተነሣችም።

በሁለተኛው ቀን እማማ መዲና ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "ልጄ፣ እነዚያ ልጆች ከቅሌ የወሰዱት ነገር ምን አለ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ገና ነው እማማ።"

"ሲደርስ ትነግረኛለህ?"

"እነግርዎታለሁ።"

ናሙናዎቹ የሚነበቡት አዲስ አበባ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ውጤቱ የደረሰን በጥር 2017 ነው። ሆስፒታሉ ከሂሻም ወስዶ የላከልን ሳልሞኔላና የቤት 22 ቅል ሳልሞኔላ በሁለት ፊደል ብቻ ይለያያሉ። ሁለቱም አምስት መድኃኒቶችን ተላምደዋል። የቡድናችን መሪ ዶክተር እናትዓለም ሰንጠረዡን ተመልክታ፣ "ምንጩ ቅሉ ነው፤ ላሟ ግን ንጹሕ ናት" አለች። "ይህ ቤት መድኃኒት ተጠቅሞ ያውቃል?"

"አያውቅም" አልሁ። ቅጹን በቃሌ አውቀዋለሁ።

"ታዲያ የተላመደው ከየት መጣ?"

በመዝገቤ ያሉትን ስልሳ ቤቶች አንድ በአንድ አየሁ። የቤት 31 ላም ሳልሞኔላ ከቅሉ የሚለየው በሦስት ፊደል ነው። አምስቱን መድኃኒቶች ተላምዷል። መርፌው ደካሞቹን ገድሎ መድኃኒቱን የለመዱትን ብቻቸውን አስቀርቷቸው ነበር፤ የመላመዱ ዘረመሎች ደግሞ ተያይዘው ስለሚሄዱ አንዱን የያዘ ሌሎቹንም ይዟል። ለዶክተር እናትዓለም የማን ቤት እንደሆነ ነገርኋት። ሰንጠረዡን አጠፈችው።

"እያንዳንዱ ቤት የራሱን ውጤት የማወቅ መብት አለው" አለችኝ። "አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ ግን ደንባችን አይፈቅድም። አንተ ግን ልጅም ነህ፣ ጎረቤትም ነህ። እኔ አላየሁም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈራሁ። እናቴ የደም ግፊት አለባት፤ ሂሻምን እሷ ናት ያዘለችው። ብነግራት የምትሞትብኝ መሰለኝ። ለእማማ መዲና ብናገርስ? በዚህ ዘመን "የክርስቲያን ወተት ልጃቸውን ገደለ" የሚል ወሬ ከመንደራችን ከወጣ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? ለእናቴ ወተቱን አፍልታ እንድትሰጥ ብቻ ነገርኋት፤ "የፈላ ወተት እርጎው ምን ይሆናል? መዲና ትስቅብኛለች" አለችኝ። ዝም ብዬ ቀኑን መቁጠር ያዝሁ። ጾማችን የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ይገባሉ። ኢልሃም ዘንድሮ ግማሽ ቀን መጾም እጀምራለሁ ብላለች።

ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን ቤተ ሙከራው ለናሙና ወደ ዱርቤቴ ላከኝ። ሰኞ የካቲት 24 ተመልሼ ግቢያችን ስገባ፣ ከዳለቻ ጋጣ ደፍ ላይ ባዶ የቴትራሳይክሊን ብልቃጥ ወድቆ አየሁ። ማሰሮው ከመደቡ ላይ የለም። እናቴ ከጓዳ፣ "ዳለቻን ያ በሽታዋ ተነሣባት፤ ሦስት ቀን አስወጋኋት፤ ደግነቱ ጾም ነው" አለች።

ብልቃጡን እንደያዝሁ በአጥሩ ክፍተት አለፍሁ።

እማማ መዲና ደጃፉ ላይ ተምር እየደረደሩ ነበር። ኢልሃም ኩባያዋን ይዛለች። ኩባያውን ከእጇ ወሰድሁት፤ ልጅቱ አላለቀሰችም፣ ፊቴን አይታ ደነገጠች መሰለኝ።

"ቀልድ ነው?" አሉ እማማ መዲና።

"አይደለም እማማ። ይህን ወተት ጠጥታ ታውቃለች?"

"ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። እርጎ ሆኖ። ለዛሬ እሷ ጥሬውን ነው ያማራት፤ ሪሃናና እኔ ግን እርጎውን ነው የምንጠጣው።"

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ብልቃጡን፣ ቁጥሮቹን፣ ሁለቱን ፊደልና ሦስቱን ፊደል። እያሳጠርሁ ስናገር እጃቸው ተምሩ ላይ ቀረ።

"ሂሻምን በእጄ ነው ያጠጣሁት" አሉ። ከዚያ፣ "ወለቴ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንግዲያው አታውቅም" አሉና ተነሡ።

ማሰሮውንና ቅሉን ግቢው ውስጥ ወዳለው ፓፓያ ሥር ወሰዱ። ወደ ሐይቁ እንዳይደፉት ለመንኋቸው፤ መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ ሌላ ባክቴሪያ እንዳያላምድ። በመኮትኮቻ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ደፉት፣ የእርሾውን ስኒም ከላዩ ገለበጡ። የአርባ ዓመት እርሾ ነው። አፈር እየመለሱ ሳለ እናቴ በአጥሩ ገባች።

"መዲና፣ ማሰሮዬን። ምን ሆናችሁ ደረቃችሁ?"

"ድመቷ አፏን ከተተችበት። ደፋሁት።"

"አንቺ? ወተት ደፋሽ?"

"አርጅቻለሁ።"

"ድመት የነካውን ለጥጃ የምትሰጪ ሴት" አለች እናቴ። አፈሩን አየች፣ ኢልሃምን አየች፣ ከዚያ እኔን። ዓይኗ እጄ ላይ ባለው ብልቃጥ ላይ ቆመ። ወዲያው ልደብቀው ይገባኝ ነበር፤ አልደበቅሁትም። "አምናም ተወግታ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

እማማ መዲና አፋፍ ላይ እንዳለ ሰው ተጣድፈው ተናገሩ። "የሂሻም ሕመም ከምንጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። ሐኪሙ ለአብዱልከሪም ነግሮታል። ሂጂ አሁን ወለቴ፣ አዛን ሊል ነው፣ ልጄን ላስፈጥራት።"

እናቴ ማሰሮዋን ሳትይዝ ወጣች።

"በጾም አፌ አስዋሸኸኝ" አሉኝ እማማ መዲና፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። "አሁን ይህችን ልጅ ምን እናድርጋት?"

ኢልሃም የሁለት ቀን እርጎ በሆዷ ነበር። በሽታው ካለ እስኪወጣ ሰባት ቀን መጠበቅ ነበረብን። ጠዋትና ማታ ሙቀቷን እየለካሁ በደብተር ጻፍሁ፤ እማማ መዲና ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት "ስንት?" ይላሉ፣ ከነገርኋቸውም በኋላ ደግመው "ስንት?" ይላሉ። በአራተኛው ቀን ማታ 38.3 ሆነ። ያ ሌሊት እንዴት እንደነጋ አላውቅም። ጠዋት 37.1 ነበር፤ ጉንፋን ነው። ሰባተኛው ቀን ሲያልፍ እማማ መዲና ደብተሩን ተቀብለው፣ ማንበብ ባይችሉም፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ገለጡ።

እናቴ ከዚያ ሰኞ በኋላ ወተት አላሻገረችም። በማግሥቱ የዳለቻን ጥጃ ፈትታ ከእናቷ ጋር ለቀቀቻት። ለጥጃዋም ልክ አልነበረም፤ አልከለከልኋትም። እማማ መዲና ወተቱ ለምን ቀረ ብለው አልጠየቁም። ሁለቱ ሴቶች እንደ ድሮው በአጥሩ ይነካከሱ ነበር፤ ስለ ወተት ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም። እናቴ የጉድጓዱን ውኃ ነገር በእውነት አምናው ይሁን ወይም ያመነች መስላ፣ የማውቅበት ማስረጃ የለኝም። በኅዳር 2018 አረፈች።

እማማ መዲና በሠልስቱ ማሰሮውን ይዘው መጡ። ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ነበር። መደቡ ላይ፣ ድሮ በነበረበት ቦታ አስቀመጡትና ከጎኑ ተቀመጡ።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች የሚገቡት በሁለት ቀን ልዩነት፣ በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ነው። ከእኛ ሌላ ወተት የሚያሻግር ስምንት ቤት ቀርቷል። ቅጹ ላይ ከአሥራ አራተኛው ጥያቄ ቀጥሎ አንድ አስጨምሬያለሁ፤ "እናንተ ካልጠጣችሁት ማን ጠጣው?" ይላል። ስምንቱንም ቤት ዞሬ የተወጋች ላም ወተት ለማንም እንዳይሰጥ፣ ሌላውም ፈልቶ እንዲሰጥ ተናግሬያለሁ። አምስቱ እሺ ብለዋል። ሁለቱ ሳቁ። አንዱ ቤት ሰው አላገኘሁም፤ በጋጣው ግን ላም ስትስል ሰምቻለሁ። ነገ ጠዋት እመለሳለሁ።