መንሱር ፈርቶ ነበር?

ባሌ መንሱር ፈሪ ከሚባል ቢሞት ይመርጣል። አላህ ይይለት፣ ወንጀለኛ ያስባለው ይኸው ወንድነቱ ነው።

ዳውንታውን ዴንቨር መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጥበቃ ነው። አንድ ቀን መኪናው የተጎተተበት ግንድ የሚያክል ሰውዬ የቤዝቦል ዱላ ይዞ መጣበት። መንሱር እጅ ላይ የነበረው መንገድ የሚዘጋበት የፕላስቲክ የትራፊክ ኮን ብቻ ነው፤ በሱው አፍንጫውን አቀመሰው። ፖሊስ ሲደርስ የሚደማው ሰውዬው፣ ቆሞ የሚፎክረው የኔው ጉድ! ተከሰሰ። ከተፈረደበት የጥበቃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ማን ይቀጥረዋል?

ጠበቃችን ኤልዳና እዚሁ ኦሮራ የተወለደች ልጅ ናት። "ጋሼ መንሱር፣ ኬሱ ሲምፕል ነው" አለችው። "ሰውዬው ሊመታዎት ሲል ፈሩ፣ ራስዎን ተከላከሉ። ዳኛው 'የፈራ ሰው ራሱን መከላከል ይችላል' ብለው ለጁሪው፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ለሚሉት ዜጎች፣ መመሪያ እንዲያነቡ እጠይቃለሁ። እርስዎ ብቻ 'ፈርቼ ነበር' ይበሉ።"

"እሺ" አላት። እሺታውን እኔ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ምዬ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ ወላሂ አልዋሽም! "ሰውዬው ዱላውን ይዞ ሲመጣ ደውሎልኝ 'ራሕማ ድረሽልኝ፣ ሊገድለኝ ነው!' እያለ ጮኸ" አልኩ። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

መንሱር ይህን አየ። የሱ ተራ ደርሶ ኤልዳና "ፈርተው ነበር?" ስትለው ደረቱን ነፋ። "እኔ? እንኳን እሱን አባቱንም አልፈራ!"

አስተርጓሚው ላብ አጠመቀው፤ ግን ተረጎመው። ዳኛው "ራሱ አልፈራሁም ብሏል" ብለው መመሪያውን ከለከሉ። ጁሪውም ጥፋተኛ አለው። ቤት ስንገባ ያኮረፈው ዳኛውን መሰላችሁ? እኔን!

ኤልዳና ይግባኝ አለች። የበላይ ፍርድ ቤቱ የኔን ቃል ይዞ ፈረደ፦ የሚስቱ ምስክርነት ፍርሃቱን ያሳያል፤ መመሪያው ለጁሪው መነበብ ነበረበት፤ ጉዳዩ በአዲስ ጁሪ እንደገና ይታይ። ግሌንዴል ያለው ወንድሙ ሙኒብ ወዲያው ደወለ። "እንኳን ደስ ያለህ፣ ፈሪነትህ በፍርድ ቤት ጸና!"

በሁለተኛው ችሎት ኤልዳና ያንኑ ጠየቀችው። ጓደኞቹ ዛሬም ከኋላ ተደርድረዋል። ግንባሩን ጠረገ።

"ፈርቼ ነበር" አለ። ኤልዳና እፎይ ብላ ልትቀመጥ ስትል እሱ ቀጠለ። "ዱላውን ፈራሁ። ሁልጊዜም እፈራለሁ። ከአውሮፕላን ከወረድኩ ጀምሮ እፈራለሁ። ፖሊስ ሲያልፍ እፈራለሁ፣ ስልክ በእንግሊዝኛ ሲያናግረኝ እፈራለሁ። ልጆቼ እርስ በርስ ሲያወሩ አይገባኝም፤ እሱንም እፈራለሁ።"

ዐቃቤ ሕጓ ተቃውሞ አለኝ ብላ ተነሳች። ዳኛው በቃ እስኪሉት ድረስ አላቆመም። እኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ስንት ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ በዚህ አገር የምፈራው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መመሪያው በዚህኛው ቀን ተነበበ። ጁሪው ነፃ አለው። አልሐምዱሊላህ!

ኮሪደሩ ላይ አሁን መሳቂያ ሊያደርጉት ነው ብዬ ስሰጋ፣ ጠልሀ፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ጉረኛው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"እኔ እኮ" አለው፣ "ሊፍት እፈራለሁ።"

አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ሁላችንም በደረጃ ወረድን።