በሐምሌ የተተከሉት ችግኞች

በታኅሣሥ የዓለም መሪዎች ስለ አየር ንብረት ተሰብስበው የረባ ነገር ሳይቆርጡ ተበተኑ። ወሬውን ያነሳነው እዚህ ጀርመን፣ ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር ለእሑድ ጸሎት በምንከራየው አዳራሽ፣ ወንበር እያጠፍን ሳለ ነው። ከአገር ቤት ልጃቸው ዘንድ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ሲያርሱ የኖሩ አንድ አባት አብረውን ነበሩ። የመንደራቸው ምንጭ ከደረቀ ወዲህ ስለ ዝናብ የሚወራ ነገር አያመልጣቸውም።

"ምን ተባባሉ?" አሉኝ።

"አልተስማሙም፣ አባባ።"

"እነሱ እንቢ ካሉ እኛን ምን አስቀመጠን? ቤተ ክርስቲያን ያለ ዛፍ ራቁቱን ነው" አሉ።

የአዳራሹ ባለቤቶች በመጋቢት የአጥሩን ጥግ ፈቀዱልን። ያኔውኑ መትከል እንችል ነበር፤ እንደ አገራችን ልማድ ግን ሐምሌን ጠበቅን። የአባባ ልብ ታሞ ነበር። "አንዱ እንኳ ሲይዝ አይቼ ብሄድ" ይሉ ነበር።

ሐምሌ ገብቶ ጉድጓድ ስንቆፍር ሐውስማይስተሩ፣ ማለት የግቢው ጠባቂ፣ መጥቶ አየን። "በዚህ ሙቀት? ለኅዳር አቆዩት" አለ። ተረጎምኩላቸው።

"ኅዳርማ አጨዳ ነው! ጀርመን መኪና ይሥራ" አሉ አባባ። ሁላችንም ሳቅን።

ኤርፖርት የምትሠራ እህታችን ውኃ ተሸክማ መጣች። "አባባ፣ እኔ አውሮፕላን እያጸዳሁ ለምበላው የጭሱን ንስሐ ማን ይስጠኝ?"

"አንቺ ውኃ ቅጂ፤ ንስሐሽ እሱ ነው።"

ከዚያ በኋላ ዝናብ ጠብ ሳይል ቀረ። ከሥራ በፊት ከምኖርበት ከቦናመስ ባቡር እየቀየርኩ አጠጣ ነበር። ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ጀምረው ጠወለጉ፣ ተጠቀለሉ። ችግኝ በሕይወት ካለ ልጡን በጥፍር ሲፍቁት ውስጡ አረንጓዴ ነው። አንድ በአንድ ፋቅኋቸው፤ ሁሉም ደረቅ ነበሩ።

አባባ ሆስፒታል ገብተው ነበር። ገና ሳልቀመጥ፣ "ያዙ?" አሉኝ። ልጃቸው ከአልጋው ማዶ ሆና 'አዎ በላቸው' በሚል ዓይን አየችኝ። አልቻልኩም።

"አልያዙም፣ አባባ።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ያ ጀርመን ኅዳር ነው ያለው?"

"አዎ።"

"እንግዲያ እሱን ስሙት። እኔ የማውቀው የአገሬን አፈር ነው።"

መስከረም ሳይጠባ ዐረፉ።

በኅዳር፣ ጃኬታችን እስኪበሰብስ እየዘነበ፣ እንደገና ተከልን። ባለፈው ታኅሣሥ ወንበር እያጠፉ ወሬውን ሰምተው ዝም ያሉት ሁሉ መጡ፤ አካፋ አልበቃ ብሎ ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። የአባባ ልጅ ጥቁር ለብሳ አፈሩን በእጇ መለሰች።

ሚያዝያ ላይ ብቻዬን ሄድኩ። እንቡጡ ገና አልፈነዳም። ዳር ያለውን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ አረንጓዴ ነበር።

"ያዘ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። የሰማኝ ግቢውን ይጠርግ የነበረው ሐውስማይስተር ብቻ ነው። አማርኛ አይሰማም፤ መጥረጊያውን ይዞ ቀና አለና መልሶ ሥራውን ቀጠለ።