የጃንጥላ ጨርቅ ክንፍ

ዝናብ የጠገበ የጃንጥላ ጨርቅ የራሱ ሽታ አለው። ልብ ብለሽው አታውቂ ይሆናል። እኔ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለችው ሱቄ የባጃጅ ሸራ ስሰፋ ነው የምውለው፤ ዛሬ ጠዋት ግን አንዲት ተማሪ የተቀደደ ጃንጥላ ይዛ መጥታ «እትዬ፣ ይሄን ይስፉልኝ» አለችኝ። ገና ስዘረጋው ያ ሽታ መጣና መርፌው እጄ ላይ ቀረ። ወንድሜ ትዝ አለኝ፤ አላህ ይዘንለት።

ወንድሜ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነበር። እኔ ስፌት የጀመርኩ ሰሞን እሱ ግቢያችን ውስጥ አውሮፕላን መሥራት ጀመረ። ለምንም አይደለም፣ ለመብረር ብቻ። አጽሟ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ሞተሯ ከራሱ ሞተር ሳይክል የተፈታ ነው። ለክንፏ ሸራ ከበደ። ጅማ ደግሞ ዝናብ አይጠፋም፣ የተሰበረ ጃንጥላም ሞልቷል፤ እሱ ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ሰበሰበ፣ እኔ እየተረተርኩ ገጣጠምኩት። ጥቁሩ ይበዛል፤ መሃል መሃሉን ቀይና አበባማ ጣልቃ ይገባል። ከፊቷ የሚሽከረከረውን ውልብልቢት በርጩማ የሚጠርቡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ከዋንዛ እንጨት ጠርበው ሰጡት።

እናታችን አልጣማትም። «ሰው ከጃንጥላ ሥር ይሄዳል እንጂ ጃንጥላ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል? ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ ተው» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። ከሰዓት በኋላ ክንፉን ስሰፋ አጠገቤ ይቀመጥና መሪው እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼ ቀስ ተብሎ እንደሚሳብ፣ እንዴት እንደሚወረድ ይነግረኛል። ከመደጋገሙ የተነሳ እንደ ቁርኣን ቤት ትምህርት በቃሌ ያዝኩት።

የተሞከረችው ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው። ጤዛው ገና አልረገፈም፤ ቤንዚኑ ከእርጥቡ ሣር ጋር ይሸታል። ወንድሜ ቢስሚላህ ብሎ ነዳት። ሜዳውን እስከ ዳር ሄደች፣ ጎማዋ ግን መሬት አልለቀቀም። መልሶ ሞከረ፤ ያው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ደንዳና ሰው ነበር። ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ «የኔ ልጅ፣ ይቺ ሞተር አንተን አትችልም» አሉት። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ያኔ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጭን ነበርኩ።

«አንቺ ውጪባት» አለኝ።

«አንተስ?»

«የእኔ ተራ ይደርሳል። ከኔ ቁመት በላይ እንዳትወጪ ብቻ፤ ወላሂ እንጣላለን።»

እናታችን እዚያ አለመኖሯ በጀ። መቀመጫዬ ሲንገጫገጭ ቆየና ድንገት ጸጥ አለ። ከመሬት ተነስቼ ነበር። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፤ ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ፊት ለፊቴ የቡናው ጫካ ነበር፣ ወደ ሩቅ ማየትም ነበረብኝ፤ እኔ ግን ወደ ታች አየሁ። ወንድሜ እጁን ዘርግቶ ከሥሬ ይሮጣል። ሜዳው ሳያልቅ በነገረኝ መንገድ አወረድኳት። አንዱ ጎማ ተጣመመ እንጂ እኔ ምንም አልሆንኩም።

እያለከለከ ደርሶ «ምን አየሽ?» አለኝ።

«አንተን።»

«እኔንማ መሬትም ላይ ታዪኛለሽ፤ ሌላ ንገሪኝ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን ዕንባ አቅርሮ ነበር።

ተለቅ ያለ ሞተር እስኪገኝ ተብሎ ክንፉ ጣሪያ ሥር ተሰቀለ። ሞተሩ ወደ ሞተር ሳይክሉ ተመለሰ። ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ክንፉን አይጥ በላው። እሱም ወሬዋን ተወ፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ባለፈው ክረምት ታመመ። ያ ሁሉ ትከሻ አለቀ። አንድ ጠዋት ፀሐይ እንዲሞቅ ብዬ ሰው ሳልጠራ ብቻዬን ከአልጋው አቅፌ አነሳሁት። መቅለሉ አስደነገጠኝ፤ እንዳያይብኝ ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን ነቃብኝ።

«አሁን ቢሆን ያቺ አውሮፕላን ታነሳኝ ነበር» አለ።

ደጅ አውጥቼ ግድግዳውን አስደግፌ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ «እስቲ ንገሪኝ፣ ያኔ ምን አየሽ?» አለኝ። ስለ ቡናው ጫካ ብነግረው ደስ ባለኝ፤ ግን አላየሁትማ።

«አንተን» አልኩት። «እጅህን ዘርግተህ ስትሮጥ።»

በዚህ ጊዜ ግን «ሌላ ንገሪኝ» አላለኝም።