የጎደለው ጀሪካን

በለጡ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም በስድስተኛው ወር አጥታለች። ሦስተኛው አምስት ወር ሲሞላው ከቀበና ተነስታ ሐኪም ቤት ሄደች። ባሏ አካሉ ዘምቶ ስለነበር የሄደችው ብቻዋን ነው።

ነርሷ፣ ሲስተር አስቴር፣ ባዶ ጀሪካን ሰጠቻት። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ደፍታ፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት የሚመጣውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር እንድታጠራቅም ነገረቻት። ሆርሞን የሚባል ነገር አለ፤ ፅንሱ ይጀምረዋል፣ የእንግዴ ልጁ ይጨርሰዋል፣ በእናቱ ሽንት ይወጣል። ካነሰ ልጁ ደክሞ ይሆናል አለቻት።

ሽንቱን እንድታጠራቅም የተቀጠረችበት ቀን ኪዳነ ምሕረት ዋለ። አማቷ እማማ የማርያምወርቅ ደግሞ በዚያው ቀን እንጦጦ ወጥታ ጠበል ካልጠጣች ይህም ልጅ አይጸናም ብለው ቁርጥ አድርገው ነበር። በለጡ ለሁለቱም እሺ አለች፤ እሺ ማለት ለምዶባታል። ሽንት ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆም ግን አላስቻላትም። ጀሪካኑን አልጋ ሥር ትታ ወጣች። በባዶ ሆዷ ጠበሉን ደጋግማ ጠጣች፤ ስትወርድ ሽንቷ በመጣ ቁጥር ባሕር ዛፉ ውስጥ እየገባች ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ብቻ አጠራቅማ በማግስቱ አስረከበች።

በሳምንቱ ውጤቱ በጣም አንሶ መጣ። ሰኞ መጥታ እንድትተኛ ታዘዘች።

ከዚያ ወዲያ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። ወጡን ጥዳ ደጅ ትወጣለች፣ ደጅ ወጥታ ለምን እንደወጣች ትረሳለች። ልጁ ሲንቀሳቀስ ጎድሎ ስለሰጠሁ ነው ያነሰው ትላለች፤ ዝም ሲል ደግሞ ሆዷን በእጇ እየነካካች ትጠብቃለች። እንዳትናገር፣ ሃይማኖት እንደ ኋላ ቀርነት በሚቆጠርበት በዚያን ጊዜ መንግሥት ቤት ገብቶ የጠበል ነገር ማንሳት ያስፈራል።

ሰኞ ልብሷን ቋጥራ ሄደች።

«ሲስተር፣ ሁሉንም አላጠራቀምኩም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠበል ሄጄ ነበር። ዕቃውን ይዤ መግባት አፈርኩ።»

«ስንት ጊዜ አመለጠሽ?»

«ሦስት። አራትም ይሆናል።»

«እኛ እዚህ በልጅሽ ተጨንቀን፣ አንቺ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ስታጠጪ ነበር?» አለች አስቴር። ከዚያ ድምፅዋን እሷም ዝቅ አደረገች። «ጠበልሽን በሌላ ቀን ጠጪ። የጀሪካኑ ቀን ግን ከቤት እንዳትወጪ።»

ሐኪሙን አናግራ መተኛቱን አስቀረችላትና ሌላ ጀሪካን ሰጥታ ወደ ቤቷ መለሰቻት። በጀሪካኑ ቀን በለጡ ከግቢዋ አልወጣችም፤ እማማ የማርያምወርቅም በር ላይ ተቀምጠው ሊጠይቃት የመጣውን ጎረቤት ሲመልሱ ዋሉ።

ውጤቱ ልኩን ይዞ መጣ። በለጡ ግን እፎይ አላለችም፤ ስድስተኛው ወር ገና ነው። ለቀጣዩ ጊዜ ጀሪካኑን ስትቀበል፣ ቀኑ የማን በዓል እንደሚውል አስቀድማ በጣቷ ቆጠረች።