በመምህሬ ስም ያለቀስኩት ልቅሶ

በአባቱ ልቅሶ ላይ ቆሞ ለእንግዳ ሻይ የቀዳ ልጅ፣ አባቱን አልቅሷል ይባላል? ይህን ሁሉ ዘመን መጽሐፍ ሳነብ ኖሬ መልሱን አላገኘሁትም። ዛሬም የተቀቀለ ባቄላ ሽታ ከጎረቤት ወደ ደረጃው ሲወጣ፣ ያ በሃግሴትራ ሰፈር የነበረው የአክስቴ ሳሎን፣ እንፋሎት የጋረደው መስኮቱ ይመጣብኛል።

ስቶክሆልም የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የአክስቴና የባሏ ልጅ ተብዬ ነው። አክስቴ የአባቴ እህት ናት። እሱ አገር ቤት ቀረ፤ ስሙም አብሮት። በመጣሁ ማግስት አክስቴ ጸጉሬን እየጎነጎነች፣ «እዚህ አባትሽ ባሌ ነው። ያኛውን ስም ከአፍሽ ያወጣሽ ቀን ሁላችንንም ጠራርገው ይመልሱናል፤ ትንንሽ ልጆቼን ሳይቀር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ገብረማርያም የሚለውን ስም ለትራሴ እንኳ አላንሾካሾክሁም። የሰፈሩ ሐበሻም የነሱ ልጅ አድርጎ ነው ያወቀኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለነበር፣ አዲስ ከመጡ ልጆች ክፍል ገባሁ። መምህራችን ሽበታም ስኮትላንዳዊት ነበሩ፤ እርጥብ የሱፍ ሹራባቸው ከማሞቂያው አጠገብ ሲደርቅ የበግ ጠረን ይሰጥ ነበር። እዚህ አገር መምህር የሚጠራው በራሱ ስም ነው። እኔ ግን አፌ እምቢ ስላለኝ በቤተሰባቸው ስም፣ ጊልሞር፣ እያልኩ እጠራቸው ነበር። አንድ ቀን በዚህ ሳቁና ትርጉሙን ነገሩን። ስሙ በስኮትላንድም በአየርላንድም አለ። ድሮ ከፊቱ «የእገሌ ልጅ» የሚል ቃል ነበረው፤ ከጊዜ ብዛት ወደቀ። የቀረው «የማርያም አገልጋይ» ማለት ነው፤ ማርያም የተባለችውም እመቤታችን እንጂ ሌላ አይደለችም።

«አገልጋይ ከሆንሽማ ሰሌዳውን ጥረጊልን!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የማርያም አልኩ እንጂ ያንተ አልኩ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። የአባቴን ስም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የወደቀው ቃል ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በዚያው የበረዶ ወራት አንድ ማለዳ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ገባኝ። መርዶው የተነገረው ለአክስቴ ነው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። በአንድ እጇ ደረቷን ትመታለች፤ በሌላው የእጄን አንጓ ጨምድዳ ይዛለች። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ዝም በይ ማለቷ ነበር።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞላ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት እናት፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ግድግዳ ተደግፈሽ ትቆሚያለሽ? አጎትሽ አይደሉ የሞቱት? ንፍሮውን አዙሪ እንጂ!» አሉኝ። አዞርኩ። ሻይም ቀዳሁ። እግዜር ያጥናሽ የሚሉት አክስቴን ነበር። «አባዬ» እንዳልል አፌን በንፍሮ ሞላሁ።

ትምህርት ቤት ስመለስ መምህሬን ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«ስምዎ ምን ማለት ነበር?»

«የማርያም አገልጋይ።»

«ኤን ጎንግ ቲል» አልኩ በስዊድንኛ፤ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ ማለቴ ነው። ደገሙልኝ። «ኤን ጎንግ ቲል።» ቃል የማጠና መስሏቸው ቀስ እያሉ ደጋገሙት። እንባዬ ሲወርድ ቆም አሉ።

«ምን ሆንሽ?»

«ብርዱ ነው።»

መሀረባቸውን ሰጡኝ እንጂ ሌላ አልጠየቁኝም። የአባቴ ልቅሶ ያ ነው፤ ሌላ የለውም።

አክስቴም ባሏም አልፈዋል፤ ልጆቻቸውም ዜጎች ሆነዋል። የምፈራለት ሰው ባይቀርም፣ ዝምታው ግን አልለቀቀኝም። ልጄ በስዊድንኛ «የኛ ስም ምን ማለት ነው?» ስትለኝ እንኳ መጽሐፌ ላይ አቀርቅሬ አልፋት ነበር።

ባለፈው መከር ግን ቱነልባናውን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ይዤ መምህሬ ወደሚኖሩበት ቬሊንግቢ ወረድኩ። በሩ ላይ፣ ከፖስታ ማስገቢያው በላይ፣ ጊልሞር ይላል። መምህሬ አርጅተዋል፤ ሹራባቸው ግን ያው የበግ ጠረን አለው። ኮቴን ሳላወልቅ ሁሉንም ነገርኋቸው። እጄን ያዙኝ።

«ታዲያ ያን ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ...»

«እያለቀስኩ ነበር። በእርስዎ ስም።»

«በእሱስ ስም? እንዴት ነው የሚባለው?»

ነገርኋቸው። ሞከሩት። «ጌብሬ...»

«አይደለም» አልኩ፤ ስም ላይ ምሕረት የለኝም። «ገብረ።»

«ገብረማርያም» አሉ።

«ኤን ጎንግ ቲል» አልኋቸው።