የአባቴ ጋቢ ቀለም

ይህ ነገር ተጽፎ ሊነበብ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ነጭ ጨርቅ ጥላ ውስጥ ሲሆን ምን ዓይነት ቀለም አለው የሚል ወሬ ነው፤ እንዲህ ሲባል ተራ ይመስላል። ለእኔ ግን የዓመቱ ትልቁ ጉዳይ ነበር። እንድጽፈው ያደፋፈረኝም ይኸው ነው።

አባቴ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ሥዕል እንድማር የፈቀደልኝ በአንድ ስምምነት ነው፦ በዓመቱ መጨረሻ መምህራን ለኤግዚቢሽን ከሚመርጧቸው ሥራዎች መካከል የእኔ ካለበት እቀጥላለሁ፤ ከሌለበት ወደ አካውንቲንግ እዛወራለሁ። እኔም «እሺ፣ አባባ» ብዬ ተስማማሁ።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ገደማ ስለነበሩት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች የተማርነው በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። መምህራችን ሥዕሎቻቸውን በፕሮጀክተር አሳየን። ሸራቸውን ተሸክመው ከቤት ወጥተው፣ ብርሃኑ ሳይሸሽባቸው በፍጥነት የሚሥሉ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ያንኑ የሣር ክምር ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም ሥሎታል፤ ክምሩ አንድ ሲሆን ቀለሙ ግን በየሰዓቱ ሌላ ነው። ጥላቸው ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው፣ ወይን ጠጅ ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ዓይናቸው ያየውን ብቻ ሳይሆን የተሰማቸውን ጭምር በወፍራም ቀለም ሸራው ላይ አኖሩት። ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ብሩሽ ስይዝ ግን ያው የድሮዋ ጠንቃቃ ልጅ ነበርኩ።

በፊቼ የዘመን መለወጫ በዓል ወደ ማክበሪያው ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሄጄ ከዛፎቹ ሥር ነጭ ለብሰው የተቀመጡትን አባቶች በእርሳስ ነደፍኩ። ቤት ስገባ ንድፉን አስተካክዬ ሸራ ላይ ገለበጥኩት። ልብሳቸውን ከቀለሙ ቱቦ በወጣው ንጹሕ ነጭ፣ ጥላውን በጥቁር ሞላሁት። ከመስመር የወጣ ነገር አልነበረም። መምህሩ ይደሰታል ብዬ ቀድሜ አስረከብኩ።

ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው።

«የት ነው የተቀመጡት?» አለኝ።

«ከዛፍ ሥር ነው፣ መምህር።»

«ታዲያ ዛፉ ልብሳቸው ላይ የታለ? አሁን ከላውንደሪ አውጥተሽ የደረደርሻቸው ነው የሚመስሉት።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መምህሩ ሸራውን መለሰልኝና፣ ለኤግዚቢሽኑ ሌላ ሥራ ማምጣት እንደምችል በትሕትና ነገረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ሱቅ ውስጥ አባቴን አግዝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ነጭ ጨርቅ አስመዘዘችኝ፤ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ጣቃውን አቅፋ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች።

«ወዴት ነው፣ እናቴ?» አላት አባቴ።

«ፀሐይ ላይ ልየው እንጂ! የእናንተ መብራት እንደሆነ ሁሉንም ያሳምራል።»

ደንበኞቻችን ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ጣቃው እንዳይወድቅባት ተከትያት ወጣሁ። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ቢጫ አዘል ሆነ። ከሱቁ ፊት ወዳለው ዛፍ ጥላ ስትገባ አረንጓዴ ነካው፤ እጥፋቱ ውስጥ ደግሞ ከአጠገቡ ከቆመ ባጃጅ የመጣ ሰማያዊ ነበር። ነጭ የሚባል ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ሴትዮዋ «ነጭ ነው፣ ቁረጭልኝ» አለችኝ፤ እኔ ግን መቀሱ የት እንዳለ እንኳ ጠፍቶብኝ ነበር።

ማታውን አባቴን ለመንኩት። «አባባ፣ ጋቢዎን ለብሰው ከሱቁ ፊት ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጡልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ገበያ ሳይሞቅ።»

«እቀመጣለሁ» አለ። «መቀመጡ ግን ስምምነታችንን አያፈርሰውም።»

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሸራዬን አቆማለሁ። በእርሳስ አልነደፍኩም። ያየሁትን ቀለም ሳላስብበት በቀጥታ ሸራው ላይ አስቀመጥኩ። ባለባጃጁ በየጠዋቱ መጥቶ ከአጠገባችን ሲያቆም፣ «ጋሼ፣ ለምርጫ ሊወዳደሩ ነው እንዴ?» ይላል። አባቴም ሳይንቀሳቀስ፣ «አንተ ብቻ ድምፅህን አዘጋጅ!» ይለዋል።

አንድ ቀን አባቴ ትዕግሥቱ አልቆ ተነሳና ሥዕሉን አየ።

«ምን አድርገሽኛል! እናትሽ ትናንት ያጠበችውን ጋቢ አረንጓዴ አደረግሽው?»

«ደንበኞችዎ ጨርቁን ለምን ወደ ውጭ ያወጡታል?»

«ቀለሙን ሊያዩ ነዋ።»

«ነጩንስ ለምን ያወጡታል? ነጭ ነጭ አይደል?»

አባቴ የለበሰውን ጋቢ ዝቅ ብሎ አየ። ጫፉን ወደ ፀሐይ አወጣው፣ መልሶ ወደ ጥላው አስገባው። ደግሞ አወጣው፤ ከአጠገቡ ወደ ቆመው ሰማያዊ ባጃጅም ዞሮ አየ። ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ጨርሺ» አለኝ። «ባጃጁ ከመሄዱ በፊት።»

መምህሩ ሥዕሉን ሳመጣለት ራሱ ተሸክሞ ከኤግዚቢሽኑ አዳራሽ በር ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ቀን አባቴ ሁለት የሱቅ ጎረቤቶቹን አስከትሎ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሶ መጣ። አንደኛው ጎረቤት አፍንጫው ሸራውን እስኪነካ ተጠግቶ፣ «ይሄማ ዝም ብሎ የተለጠፈ ቀለም ነው» አለ።

አባቴ ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። «ራቅ በል እንጂ! ዕቃ እንዲህ ነው የሚታየው? አሁን እየው። ከዛፉ ሥር ነኝ አይደል? ዛፉ ጋቢዬ ላይ አለ።» እንዲህ ያለ ኩራት ድምፁ ውስጥ የሰማሁት፣ ጥሩ ጨርቅ ለጥሩ ደንበኛ ሲዘረጋ ብቻ ነው። ሰዎች ተሰበሰቡ፤ እርሱም ከሥዕሉ ጎን ቆሞ ለመጣው ሁሉ ማስረዳቱን ቀጠለ። መምህሩ ከጀርባ ቆሞ ይስቅ ነበር።

ስንወጣ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩት። «አባባ፣ የአካውንቲንጉስ ነገር?»

«ሂሳብ የሚሠራ ሰው እቀጥራለሁ» አለ፣ ጋቢውን እያስተካከለ። «አንቺ ቀለምሽን ያዢ።»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።